የሚሞተው ነው የሚመራው

በእኛ ቴአትር ቤት የተዋናዮች ድልድል ከታወቀ በኋላ ሰው በስሙ አይጠራም። ልማዱን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም፤ ነባሮቹን ብትጠይቋቸው «ስንመጣ እንዲሁ ነበር» ይላሉ። ልምምድ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ተውኔቱ ከመድረክ እስኪወርድ ድረስ፣ ከአጥሩ በር ወዲህ ንጉሥ የሆነ ንጉሥ ነው፣ ሌባ የሆነም ሌባ። ዘበኛው እንኳ «ሌባው ገብቷል?» ሲባል «ገብቷል፣ ሻይ ይዟል» ብሎ ይመልሳል። አንድ ጊዜ ሬሳ ሆኖ የተደለደለ ባልደረባ ነበረን። ሚስቱ ቢሮ ደውላ ስትፈልገው ጸሐፊዋ «ሬሳው ምሳ ወጥቷል» ብትላት ቤት ድረስ የዘለቀ ጠብ ተነሣ።

በዚያ ዓመት እኔ «ዲዳዋ» ተባልኩ። እሱ ደግሞ «ገዥው»።

አዘጋጁ ድልድሉን ለሰው ሁሉ ከማንበቡ በፊት ለብቻዬ ቢሮው ጠርቶኝ ነበር። በሩን ዘጋ፤ ወንበሩ ላይ የተከመረውን የመጋረጃ ጨርቅ አንሥቶ አስቀመጠኝ፤ ከዚያ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ አወራ። ጣሪያው ሲያልቅበት፣ የሚከብደኝ ከሆነ አሁኑኑ እንድነግረው፣ ለሌላ ሰው መስጠት እንደሚችል፣ ማንም እንደማይቀየመኝ ነገረኝ። «ሥራ ነው» አልኩት። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም፤ ከዚያ በላይም አልነገርኩትም።

ከሁለታችንም አፍ ያልወጣው ነገር ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባሌና ይህ ገዥው የተባለው ሰው ሌላ ከተማ ትርዒት አሳይተው በመኪና ሲመለሱ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ባሌ ሞተ። መሪውን የያዘው እሱ ነበር። እንቅልፍ እንደወሰደው በራሱ አፍ ለፖሊስ ተናገረ። ሕጉ የሚለውን አለ፣ እሱም የተፈረደበትን ጨረሰ፤ ጨርሶም ወደ ቴአትር ቤቱ ተመለሰ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ሌላ የምሄድበት ሙያ አልነበረኝም።

ሦስታችንም ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል የተማርን ነን። በአንድ ሳህን በልተናል፣ አንዱ የሌላውን ካፖርት ለብሶ ፈተና ገብቷል። ከሆስፒታል በወጣ ማግሥት ቤቴ መጥቶ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ተነሥቶ ሄደ። አንድ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ይለኛል። በአንድ ሳህን የበላችሁት ሰው «እርስዎ» ሲላችሁ በር በትሕትና የተዘጋባችሁ ያህል ነው፤ መስበርም ማንኳኳትም አይቻልም። እኔም በበኩሌ ደህና አደርክ እለዋለሁ። እናልፋለን። ሰው ሁሉ ጨዋነቴን ያደንቅ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ እንደተውኩት ይመስላቸው ነበር።

ተውኔቱ ያረጀ የበቀል ታሪክ ነው። የአንድ አገር ገዥ አንድ ታማኝ ወታደሩን በምቀኝነት ያስገድላል። የሟቹ ሚስት መልኳን ለውጣ፣ ዲዳ መስላ፣ በገዥው ቤት በገረድነት ትቀጠራለች። እግሩን ታጥባለች፣ አልጋውን ታነጥፋለች። ዲዳ ናት ብሎ ስለሚያምን ለሚስቱ የማይነግረውን ለሷ ይነግራታል። ዓመታት አልፈው አንድ ቀን ወንበሩ ላይ እንዳሸለበ ከኋላው ትመጣና አንገቱ ላይ ቢላዋ ታሳርፋለች፤ በተውኔቱ ውስጥ የምትናገረውም ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ተውኔት እሱ ያወራል፣ እኔ ዝም እላለሁ። በሕይወት ዝም ያለው እሱ ነው፣ እዚህ ተገላበጠ ብሎ የቀለደ አንድም ሰው አልነበረም፤ መቀለድ የማይወድ ሰው ግን በቤታችን አልነበረም።

የመግደያውን ትዕይንት የሚያሠለጥኑን ጋሽ ስፖርት ናቸው። ድሮ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ስለነበሩ ስማቸው እንዲያ ሆኖ ቀረ፤ ፊሽካቸውንም እስካሁን ከአንገታቸው አላወለቁም። የሳቸው ደንብ አንድ ነው። መድረክ ላይ የሚገድለው ሰው ምንም አያደርግም፤ እጁን ያውሳል እንጂ። የሚመራው የሚሞተው ነው። ገዳይ በስሜት ተውጦ ራሱን ሊረሳ ይችላል፣ ሊሞት ያለ ሰው ግን አንገቱን አይረሳም ይላሉ። በእኛ ትዕይንት እኔ ከወንበሩ ጀርባ በቀኝ ትከሻው በኩል እመጣለሁ፤ ቢላዋው በቀኝ እጄ ነው። ገዥው ብንን ብሎ በቀኝ እጁ የእጄን አንጓ ይይዛል። ተመልካቹ ሊከላከል ሲታገል ያየዋል፤ እውነቱ ግን አንጓዬን ጨብጦ ቢላዋውን እሱ ነው የሚያሳልፈው፤ ከአንገቱ ፈቀቅ አድርጎ፣ ከተመልካች በተሠወረው ጎን። መቼ እንደምንቀሳቀስ የሚነግረኝ የጣቶቹ ጭብጥ ነው። እኔ መከተል ብቻ ነው።

«ዲዳዋ፣ እጅሽን አውሺው» ይሉኛል ጋሽ ስፖርት። «አውሺው ነው ያልኩሽ፣ አትስጪው። ነገ ትፈልጊዋለሽ።»

ሌላም ደንብ አለ። ልምምዱ ሳይጀመር ሁለቱን ሰዎች ፊት ለፊት ያቆሙና አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ታምናታለህ? ታምኚዋለሽ? ሁለቱም «አዎ» ካሉ ይጀመራል። አንዱ «አላምንም» ካለ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ያኔውኑ ያልታመነው ሰው ከሚናው ይነሣል። ደንቡ የመጣው አንድ ተዋናይ ዓይኑን ካጣ በኋላ ነው ይባላል። እኔ እዚያ በኖርኩበት ዘመን ቃሉን የተጠቀመች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ባልደረባዋ መጠጥ መጠጥ እየሸተተ መጥቶባት። ጥያቄው እንደ ደህና አደራችሁ ሆኖ ነበር። ማንም መልሱን አይሰማውም።

እኔ ግን እሰማው ነበር። በየቀኑ «አምነዋለሁ» እላለሁ፤ በየቀኑም እዋሻለሁ። በዚያ ዓመት ከተወንኩት ሁሉ ያቺ አንዲት ቃል ሳትበልጥ አትቀርም። አንዲት ሌላ ቃል ብናገር ደግሞ ምን እንደሚከተል አውቅ ነበር። ቅጥራችን በየተውኔቱ ሆኗል፤ ሚና የሌለው ደመወዝ የለውም። ከዚያ አደጋ በኋላ እሱን የሚቀጥር ሌላ ቴአትር ቤት አልነበረም። እናቱንና ልጁን የሚያስተዳድረው በዚህ ብቻ ነው። አንዲት ቃል፣ ያውም ለምን የማትባል።

በመጀመሪያዎቹ የልምምድ ቀናት አዘጋጁ ቅሬታ ነበረው። አንድ ከሰዓት በኋላ የእግር ማጠቢያውን ትዕይንት አስቁሞ ወደ መድረኩ ወጣ።

«ገና ሳህኑን ስታነሺው ገድለሽዋል» አለኝ። «ይህች ሴት እኮ ቀኑን ሙሉ አትጠላውም። ሥራ አለባት። አመድ ታወጣለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ወገቧን ያማታል። ሥራው ያስረሳታል፤ ከዚያ ድንገት ትዝ ይላታል። ትዝ ሲላት ደግሞ ስለረሳችው በራሷ ታፍራለች። እሱን ስጪኝ።»

እሺ አልኩት። እሱ ሚስቱ በሕይወት አለች፣ ከየት አመጣው ብዬ ገረመኝ። እኔም ባሌን ቀኑን ሙሉ አላስበውም። አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር ድረስ ሳላስበው እቆይና ደረጃ ስወርድ ወይም ጫማ ስመርጥ ይመጣል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የገዥውን እጅ ነገር ያወቅኩት በሻይ ነው። በእረፍት ሰዓት ሻይ የሚቀዳልን እጀታ በሌለው ብርጭቆ ነው፤ ሁላችንም በከንፈሩ በኩል በሁለት ጣት ይዘን እፍ እፍ እያልን ነው የምንሸከመው። ገዥው ከመብራት ባለሙያው ጋር ቆሞ ሲያወራ የፈላውን ብርጭቆ በቀኝ መዳፉ ሙሉ ጨብጦት አየሁ። የመብራት ባለሙያው «ገዥነት እንዲህ ነው፣ እሳትም ይፈራዋል» ብሎ ቀለደበት። እሱ መጀመሪያ ብርጭቆውን፣ ቀጥሎ እጁን አየ፤ ቀስ ብሎ አስቀመጠውና ሳቀ። መዳፉ ቀልቶ ነበር። እንዳየሁት አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከዚያች እጅ ላይ መንቀል አቃተኝ። የሸሚዙን ቁልፍ የሚቆልፈው በግራው ነው። ወረቀት ሲገልጥ ቀኙ በዓይኑ እየተመራ ነው የሚሄደው፤ ካላየው ይስታል። በመግደያው ትዕይንት ላይም አሸልቦ እያለ የዓይኑን ቆብ በቀጭኑ ከፍቶ የእጄን አንጓ ሲፈልግ ደረስኩበት። ጋሽ ስፖርትም አልሳቱትም፤ የተኛ ሰው እጁን አያይም ብለው ገሠጹት። ይቅርታ ጠይቆ በሚቀጥለው ጊዜ ዓይኑን አጥብቆ ጨፈነ።

በዚያ ጊዜ እጁ አንጓዬ ላይ አረፈ፤ ጭብጡ ግን አልመጣም። እጄን ይዞታል፣ መያዙን ግን አላወቀም። ጠበቅኩ። ከዚያ ክንዱን በሙሉ ወደተሳሳተው ጎን ሳበው፤ እኔም እንደተማርኩት ተከተልኩ። ቢላዋው ደነዝ ብረት ነው፤ ቢሆንም ደነዝ ብረት ሥጋ አይልጥም ያለ የለም። ከጆሮው በታች ቀጭን መስመር ቀላ፤ ጥቂት ደም ወጣ።

«የኔ ጥፋት ነው፣ ዘገየሁ» አለ ገዥው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ጋሽ ስፖርት ጥጥ እየፈለጉ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል» አሉ። «በኛ ሙያ ግን ሁለቱም እንዳይረሱ። የእንቅስቃሴውን ቆጠራ ነው የምላችሁ።» ሰዎች ሳቁ። እሳቸው ድንጋጤ ነው ብለው ነበር የገመቱት።

የምኖረው ከባሌ እህት ጋር ነው። ነርስ ናት። ከቀብሩ በኋላ ለጥቂት ቀን ብላ መጣች፣ ሳትመለስ ቀረች፤ እኔም አልጠየቅኳት፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ያን ዕለት ማምሻውን ልብስ እያጣጠፍን ያየሁትን እንደ ቀላል ወሬ አድርጌ ነገርኳት፤ ብርጭቆውን፣ ቁልፉን፣ ጭረቱን።

«ነርቩ ተጎድቶ ነው» አለች። «ሙቅና ቀዝቃዛ የማይለይ እጅ መጨበጡንም አያውቅም። ያን ጊዜ ክንዱ ተሰብሮ አልነበር?» የያዘችውን ፎጣ አስቀመጠች። «እና ሰዎቹ አያውቁም?»

አያውቁም አልኳት።

ከዚያ ረጋ ብላ፣ ለበሽተኛ መድኃኒት አወሳሰድ እንደምታስረዳ ሆና አስረዳችኝ። ውሸት ተናገሪ አላልኩሽም አለች። ያ የነገርሽኝ የጋሽ ስፖርት ጥያቄ በየቀኑ ይቀርብልሻል፤ መልሱም እውነት ነው። እጁ አይታመንም፤ አይታመንም ትያለሽ። እግዜር ከዚህ በላይ በምን ያቀብልሽ? ዝም ስላት ዝምታዬ አናደዳት። አንቺ ባል ነው ያጣሽው፣ ባል ይተካል፤ ወንድም ግን እናትና አባት ከሞቱ በኋላ ከየት ይመጣል አለችኝ። ወዲያው ጸጸታት። ይቅርታ አላለችም፤ የኔን ሸሚዞች በሙሉ አንድ በአንድ ተኮሰቻቸው፤ ሁለቱን ድሮውንም የተተኮሱትን ጭምር።

በማግሥቱ ጋሽ ስፖርት ፊት ለፊት አቆሙን። ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጣ። «አምነዋለሁ» አልኩ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

ለምን እንዳልተናገርኩት እንዳስረዳ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ራሴን ብዙ ጠይቄዋለሁ። ለቂም ከሁሉ የሚከብደው ፈተና እውነትን ማግኘት ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር፤ ለዚያ ያህል እናቴ አሳድጋኛለች። ይህ ግን እውነት ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው ሆነብኝ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ውስጡ ያለው ሳል እንደሚሰማ አውቃለሁ። ሌላው ሰው ባይሰማው እኔ እሰማዋለሁ። ታዲያ ዝም ልበል? ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ ያ ብረት ከጆሮው በታች ሳይሆን ሌላ ቦታ ያርፋል። ያን ጊዜም ጥፋተኛው እሱ ነው፣ የሚመራው የሚሞተው ነዋ። እኔ እጄን አውሼ ነው። ብናገር እንጀራው፣ ዝም ብል አንገቱ። በሁለቱም በኩል የተበቀልኩት እኔ ነኝ፣ በሁለቱም በኩል እጄ ንጹሕ ነው። ይህ ንጽሕና ነው ያስፈራኝ።

በአራተኛው ቀን ከልምምድ በኋላ ቢላዋውን ልመልስ ወደ ቁሳቁስ ክፍሉ ስገባ እሱን አገኘሁት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የእንጨት ጎራዴ፣ የፕላስቲክ ፍራፍሬ፣ ያረጀ ዙፋን። ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ በአንድ እጁ ለማሰር ይታገል ነበር። ሲያየኝ ብድግ አለ። ዞር ልል ነበር፤ አልዞርኩም።

«ቀኝ እጅህ አይሰማህም» አልኩት።

አልካደም። እጁን የሌላ ሰው እቃ እንደሚያይ አየው። «ሁለቱ ጣቶች ትንሽ ይሰማቸዋል» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያን ጊዜ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ስለዚያን ጊዜ በመካከላችን የተነገረው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ለምን ደበቅክ አልኩት፤ ሰው ይጎዳል፣ አንተው ትጎዳለህ።

«እርስዎ እንዲናገሩት ብዬ ነው» አለ። «እንዳወቁ ገብቶኛል። ጋሽ ስፖርት በጠየቁዎት ቁጥር ዛሬ ትላለች እላለሁ። ይበሉት። ይገባኛል። ቢሉት እኔም አርፋለሁ።»

እንደዚያን ቀን የተቆጣሁበትን ጊዜ አላስታውስም፤ የባሌን ሞት የሰማሁ ዕለት እንኳ ቁጣ አልነበረም የተሰማኝ። አንገቱን አዘጋጅቶልኛል። ሰዓቱን መርጦልኛል። ክንዴን ይዞ ወደ ራሱ አንገት እየጎተተኝ ኖሯል፣ እኔ ደግሞ የራሴ ቂም የራሴ ነው ብዬ እስከ ጥርሴ ድረስ ተከትየዋለሁ። በቀሌን እንኳ የሚመራው እሱ ሆኖ ቀረ።

«እኔን ዳኛህ አታድርገኝ» አልኩት። «ገዳይህም አታድርገኝ። ማረፍ ከፈለግክ የራስህን መንገድ ፈልግ።»

ልክ ያን ጊዜ ቤቴ በመጣበት ዕለት እንዳደረገው መሬት መሬት አየ። ቢላዋውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉም ነበሩ። አዘጋጁ ከፊት ወንበር ላይ፣ የመብራት ባለሙያው መሰላሉ ላይ። ጋሽ ስፖርት አቆሙን። ታምናታለህ ሲሉት «አምናታለሁ» አለ፤ እሱ እንኳ እንደማይዋሽ ነበር የታየኝ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ዲዳዋ፣ ታምኚዋለሽ?»

«ቀኝ እጁን አላምነውም» አልኩ።

መሰላሉ ላይ ያለው ሰው ሥራውን አቆመ። ጋሽ ስፖርት ፊሽካቸውን በጣታቸው አገላበጡ። «ደንቡ ለምን አትበል ይላል» አሉ፤ «ለምን አልልም። ነገር ግን ሰውን በግማሽ አላምንም ያለ እስካሁን አልገጠመኝም። ሌላው ግማሹስ?»

«ግራውን አምነዋለሁ። ትዕይንቱ ይገልበጥ። በግራ ትከሻው በኩል እመጣለሁ፣ በግራ እጁ ይምራኝ።»

«አንቺ ግራኝ አይደለሽም» አለ አዘጋጁ።

«እለማመዳለሁ።»

የመብራት ባለሙያው ከላይ ሆኖ፣ እንዲያ ከሆነ በሩም ይገለበጥ፣ መስኮቱም ይገለበጥ፣ መብራቱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ እንጂ ዲዳዋ አይደለችም፣ ለምን እሱን ሰውዬ ገልብጣችሁ አታስቀምጡትም አለ። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ስፖርት ወደ ገዥው ሄደው ቀኝ እጁን ያዙ፤ ዓይኑን እንዲጨፍን አዘዙት። ጥፍራቸውን በመዳፉ ጀርባ ላይ ተከሉ።

«ቆንጥጬሃለሁ ወይስ አልቆነጠጥኩህም?»

ገዥው ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አሰበ። እንደሚያስብ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ፈተና ላይ የማያውቀውን ጥያቄ የሚገምት ተማሪ ይመስል ነበር፤ ድሮም እንዲህ ነበር የሚመስለው።

«አልቆነጠጡኝም» አለ።

የጥፍሩ ምልክት ከሩቅ ይታይ ነበር። ጋሽ ስፖርት እጁን ወዲያው አልለቀቁትም፤ ምልክቱን በአውራ ጣታቸው አሹት። አዘጋጁ ግን ተነሥቶ ጮኸ። ይህን ደብቆ ስንት ቀን አደጋ ላይ እንዳቆየን፣ አንገቱ ቢቆረጥ ማን ሊጠየቅ እንደነበር፣ አሁኑኑ ሊያስወጣው እንደሚችል ተናገረ። ገዥው ቆሞ ሰማ። እንደሚባረር እርግጠኛ ነበር፤ ትከሻው አስቀድሞ ወደ በሩ ዞሮ ነበር።

«ደንቡ የሷ ነው» አሉ ጋሽ ስፖርት። «አላምንም ስትል ይነሣል፣ አምነዋለሁ ስትል ይቀራል። ግራውን ታምነዋለች። ግራው ይቀራል፣ ሌላው አካሉ ደግሞ ከግራው ጋር የተያያዘ ነው። ወንበሩን አዙሩልኝ።»

እስከ ቀትር ድረስ ለፋን። በግራ እጄ ቢላዋ ስይዝ ዳቦ ልቆርጥ የመጣሁ መሰልኩ። እግሬ ተቆላለፈ፤ የተገለበጠውን በር ረስቼ ሁለት ጊዜ በግድግዳው ልወጣ ነበር። የሱ ግራ እጅ ግን ያውቃል። አንጓዬን ሲይዝ ጭብጡ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ አሁን፣ ጠብቂ፣ አሁን።

በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እሱ የመድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቀረ። እኔም ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ላመሰግንዎ ብሎ ጀመረ፤ ተወው አልኩት፣ ስለ እጅህ እውነቱን ነው የተናገርኩት፣ ለአንተ ብዬ አይደለም። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት። በመጨረሻ ምን ይል ነበር?

«ማን?» አለ፤ እንደገባው ግን አይቻለሁ። ግራ እጁ ቀኙን ያዘው።

«ተኝቶ ነበር» አለ። «ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ፊት ለፊት ሰቅሎ። አፉን ከፍቶ ያንኮራፋ ነበር። አንድ ሁለቴ ልቀሰቅሰው ብዬ ተውኩት። ዞር ብዬ አየሁት፤ እንቅልፉ አስቀናኝ። እንደዚያ ብተኛ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የለም።»

«አልነቃም?»

«አልነቃም። ሲያወጡን እዚያው አጠገቡ ነበርኩ። ፊቱን አይቼዋለሁ። እንደተኛ ነበር፤ እምልልሻለሁ።»

«ልሽ» ማለቱን እሱ አላስተዋለም። እኔም አላስተዋልኩ መሰልኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ባሌን ነቅቶ ነበር የማስበው። መንገዱ ሲጠፋ እያየ፣ መሪውን ሊይዝ እጁን እየዘረጋ፣ ምናልባት እኔን እየጠራ። በየሌሊቱ እንደዚያ አድርጌ አስነሥቼዋለሁ። ይህን ለሱ አልነገርኩትም፤ የኔ ነው። ይቅር አላልኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ጋሽ ስፖርት ፊሽካቸውን ነፉ፤ ተነሥተን ወደ ወንበሩ ሄድን።

ማምሻውን ለባሌ እህት ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳት። ግማሹን አላምንም ያልኩት ላይ ስደርስ አንገቷን ነቀነቀች፤ ግማሽ መልስ የምትሰጥ በሽተኛ እንዳየች። አላቋረጠችኝም። ተኝቶ ነበር አልኳት። ያንኮራፋ ነበር።

«ያንኮራፋ ነበር?» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት ያልተሰማ ሳቅ። «ያ ማንኮራፋቱ! እኔና እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ሆነን ግድግዳውን በጫማ እንመታለት ነበር። ለሰከንድ ጸጥ ይልና እንደገና ይቀጥላል። አንቺ እንዴት ቻልሽው?»

«አልቻልኩትም» አልኳት። «ወደ ጎን እገፋው ነበር።»

ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና ወደ ነርስነቷ ተመለሰች።

«እና ነገ ሲጠይቁሽ ምን ልትዪ ነው?»

«ግራውን አምነዋለሁ እላለሁ።»

«ከልብሽ?»

«ገና ነው» አልኳት፤ «ልምምድ ላይ ነኝ።»